«አሁንማ ድናለች» እና ሌሎች ስህተቶች

ልጅ ሆኜ ትንሽ ስሮጥ ከንፈሬ ይጠቁራል፤ ቁጢጥ ስል ይለቀኛል። ፋሎት የሚባለው ከልደት ያለ የልብ ችግር ነው፤ ከልብ ቀዳዳው ሌላ ደም ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ይጠባል። በ8 ዓመቴ ውጭ አገር ተልኬ ተሠራልኝ። እናቴ ጠበል ጸዲቅ አዘጋጅታ ለጎረቤቱ ሁሉ «አሁንማ ድናለች» አለች። የመጀመሪያው ስህተት ከዚያ ጀመረ።

ተሠርቶልኛል ብሎ ክትትል ማቆም። እኔ 11 ዓመት ሙሉ የልብ ሐኪም ደጅ አልረገጥኩም። ፋሎት ከተጠገነ በኋላ ደም ወደ ሳንባ የሚያሳልፈው ቫልቭ (የልብ በር) ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ያፈሳል። ለዓመታት ላይሰማ ይችላል፤ የቀኙ የልብ ክፍል ግን እየተለጠጠ ይሄዳል። የነቃሁት ቤዛዊት ዳገት ላይ ልቤ ምቱ ተዛብቶ ዐይኔ ሲጨልምብኝ ነው። በየጊዜው ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ብነሣ ቀድሞ ይታይ ነበር።

የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት መጣል። የእኔን እናቴ ከክርስትና ካርዴ ጋር በፌስታል አስራ ሳጥን ግርጌ አቆይታው ነበር፤ እግዜር ይስጣት። እናንተ ፎቶ አንሡና ስልካችሁ ላይ አኑሩት።

ትኩሳትን ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ ማለት። እኛ ባሕር ዳሮች ይህ አመል አለብን፤ ትንኙን ለሚያውቅ አይፈረድብንም። ነገር ግን ከድድ ወይም ከቁስል ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ የተጠገነ ልብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቀናት አልፎት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት ካለ ይህን ጠርጥሩ። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ ከጀመራችሁ በኋላ ደም ቢመረመር ተሕዋሲው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ሳትቀምሱ «ልቤ ተሠርቶልኛል» በሉ። ለጥርስ ሐኪምም እንዲሁ፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ይወስዳል።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ጎመኑን አስቡበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ለፋሲካ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋው ሲመጣ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናል። ጎመን አትተዉ፣ መጠኑን አታለዋውጡ፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደማችሁን አስመርመሩ። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዲክሎፌናክ እንዳትጨምሩበት፣ ያደማል።

ሳያማክሩ ማርገዝ። ብዙዎቻችን በሰላም እንወልዳለን። የሳንባ ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ያለ ሴት ግን እርግዝና ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል፤ እንደ ኢናላፕሪል ያለ የልብና የደም ግፊት መድኃኒትም ፅንሱን ይጎዳል። ሽማግሌ ሲላክ «ልቧን ያማታል» እንዳይባል መደበቁ ይገባኛል፤ ከባል መደበቁ ግን አይገባኝም።

ቁጭ ብሎ መዋል። እናቴ ዛሬም ባልዲ ታስጥለኛለች። ሐኪም ካልከለከለ በስተቀር መራመድ ልብን ያጠነክራል፤ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ሸክም ማንሣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልኩ ነው። ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ስንሄድ እኅቴ ሆን ብላ ታስለፈልፈኛለች፤ ዝም ካልኩ ትቆማለች።