«ወላጅ ይዘህ ና» ከማለታችን በፊት

«ነገ ወላጅ ይዘህ ና!» ሲባል የማይደነግጥ ተማሪ የለም። ወላጁም ከልጁ እኩል ይደነግጣል። ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ሳስተምር አንዲት እናት አስጠርቼ ነበር። ሻሿን እያስተካከለች በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላትም እምቢ አለች። ገና አፌን ሳልከፍት «ምን አጠፋብኝ መምህር?» አለችኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የጠራኋት በሒሳብ መጎበዙን ልነግራት ነበር። እሷ ግን ትምህርት ቤት ለመልካም ነገር ሰው ይጠራል ብላ አስባ አታውቅም።

ስለዚህ መምህራን፣ ወላጆችን መጀመሪያ ለደግ ነገር ጥሯቸው። ጥፋት ከመምጣቱ በፊት፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለእያንዳንዱ ቤት ደውሉ። 50 ተማሪ ቢኖራችሁ በቀን ሁለት ሁለት ብትደውሉ አምስት ሳምንት ነው። ስልኩ እንደተነሳ «በሰላም ነው የደወልኩት» በሉ፣ ልባቸው ይረፍ። ከዚያ ያያችሁትን አንድ ነገር ንገሯቸው፦ «ዛሬ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ክፍልፋይን ለጓደኞቿ አስረዳች።» እዚህ ላይ «ግን» የምትለዋን አትጨምሩ። ወቀሳው ሌላ ቀን ይደርሳል።

ስብሰባ ስትጠሩ ደግሞ ቀኑን እዩ። ለምሳሌ ባቲ ከተማ ሰኞ ገበያ ነው፣ ማንም አይመጣላችሁም። ዓርብ ከጁምዓ ጋር አታጋጩት። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ያኔ የቀረ ወላጅ ግድ የለሽ ሆኖ አይደለም። እርሻ የማይነካበት የበዓል ቀን ግን ለክርስቲያኑ ገበሬ ምቹ ነው።

ደግሞ ሁሌ እነሱ ብቻ ለምን ይመጣሉ? ወሎ ውስጥ ቅሬ የሚባል እድር አለ፣ ብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጥበታል። የቅሬውን ዳኛ አስቀድማችሁ አናግሩና ጉዳያቸውን ሲጨርሱ አሥር ደቂቃ ለምኑ። የልጅ ስም እየጠራችሁ ግን እዚያ አታውሩ፣ የሰው ገመና ነው። የመዋጮንም ነገር በዚያ ቀን አታንሱት፤ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲባል ገንዘብ ብቻ ትዝ እንዲለው ያደረግነው እኛው ነን።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ በምን ላግዘው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይሄ እኔን በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማገዝ ይችላሉ። እናት ቡናው ሲቆላ ልጇን «እስቲ አንብብልኝ» ትበለው። አቦሉ እስኪወርድ ሁለት ገጽ ያነባል። ያነበበውን በራሱ አፍ እንዲያወራላት ትጠይቀው፤ ከተንተባተበ አልገባውም ማለት ነው፣ ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። ደብተሩን ገልጣ ቀይ እርማት መኖር አለመኖሩንም ማየት ትችላለች። ይህን በቃል ብቻ አትንገሯቸው፣ አንድ ልጅ አቁማችሁ እዚያው አሳዩአቸው።

እናቱ ዓረብ አገር ሆና አያቱ ዘንድ የሚያድገውንም ልጅ አትርሱት። አያትየውን አናግሩ፣ እናቲቱን ደግሞ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ በድምፅ አግኟት። ጽሑፍ ከመላክ ይልቅ ልጁ ራሱ ግጥም ሲያነብ ቀድታችሁ ላኩላት። ማታ ከሥራ ስትወጣ ትሰማዋለች።

ልጅ ሲቀር ደግሞ ከቁጣ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። ውኃ ቀድታ የምታረፍድ ልጅ አለች፣ ከብት የሚጠብቅ አለ። አባትየውን «ለምን አስቀረኸው?» ብትሉት ዝም ይላል። «አጨዳው ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» ብትሉት ግን ቆጥሮ ይነግራችኋል። ታዲያ እዚያው ተስማሙ፦ ልጁ ጠዋት ጠዋት ይማር፣ ከሰዓት ያግዝ፣ ያመለጠውን ደብተር ጎረቤቱ ያለ የክፍል ጓደኛው ያድርስለት። አጨዳው ሲያልቅ ደውላችሁ «ተመልሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ» በሏቸው።