የቤት ስልክን ከነቁጥሩ ወደ ኢንተርኔት ማዛወር፦ ዕቃው ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ነው የሚያስቸግረው

አሜሪካ ውስጥ የመዳብ መስመር ስልክ ያልተነቀለበት የሐበሻ ቤት አሁንም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ለእናት ወይም ለአባት ሲባል ነው። ቁጥሩን አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፣ ክሊኒኩም የሚደውለው በእሱ ነው፣ ስልኩን አንስቶ መናገር ደግሞ ስክሪን ከመነካካት ይቀላል። ቢሉ ግን ግብሩና ልዩ ልዩ ክፍያው ሲታከልበት በብዙ ቦታ ከ40 ዶላር ያልፋል። ያንኑ ስልክና ያንኑ ቁጥር ይዞ ወርሃዊ ወጪውን ከ10 ዶላር በታች ማውረድ ይቻላል። የሚያስፈልገው መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ የተለመደውን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የምታገናኝ አንዲት አዳፕተር፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት እና የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ነው። ቁጥሩን ማዛወሩ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ የድሮውን መስመር ደውለው እንዳያዘጉ። የተዘጋ ቁጥር ማዛወር አይቻልም፤ ወደ ኩባንያው ይመለሳል፣ ከዚያም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ኢንተርኔታችሁ በዚያው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ዲኤስኤል ከሆነ ደግሞ ስልኩ ሲዛወር ኢንተርኔቱም አብሮ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ኢንተርኔቱ ለብቻው እንዲቀጥል አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ይህን ያልጠየቀ ሰው በአንድ ጀምበር ስልክም ኢንተርኔትም አልባ ይሆናል።

የትኛውን ልግዛ?

አንደኛው መንገድ ዕቃውና አገልግሎቱ ከአንድ ቤት የሚገዛበት ነው። ኡማ ቴሎ ወደ 100 ዶላር ይሸጣል፤ በአሜሪካ ውስጥ ለመደወል መሠረታዊው አገልግሎት ነፃ ሲሆን በየወሩ የሚከፈለው ግብርና የመንግሥት ክፍያ ነው። እሱም እንደ ዚፕ ኮዱ ይለያያል፣ ጥቂት ዶላር ነው። የድሮውን ቁጥር ለማዛወር አንድ ጊዜ ወደ 40 ዶላር ይጠይቃል። ማጂክጃክ ዕቃው ይረክሳል፣ ክፍያው ግን በዓመት ስለሆነ ማደሻው ቀን ከተረሳ ስልኩ ዝም ይላል።

ሁለተኛው መንገድ አዳፕተሩን ለብቻ፣ መስመሩን ለብቻ መግዛት ነው። ግራንድስትሪም ኤችቲ801 ከ50 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ይገኛል፤ ሁለት መስመር ለሚፈልግ ኤችቲ802 አለ። መስመሩን እንደ ቮይፕ ዶት ኤምኤስ ካለ የኢንተርኔት ስልክ አቅራቢ ይወስዳሉ። ቁጥሩ በወር ወደ 1 ዶላር፣ የ911 አገልግሎቱ ወደ 1.50፣ ንግግሩ በደቂቃ 1 ሳንቲም ገደማ ነው። በወር 200 ደቂቃ ለሚያወራ ቤት ሁሉም ተደምሮ 5 ዶላር ገደማ ይመጣል።

ቤቱ ውስጥ የራውተር ገጽ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ኡማን ይግዙ፤ ልዩነቱ ለጭንቀቱ አይመጥንም። ልጅ ወይም የእህት ልጅ በቅርብ ካለ ኤችቲ801 ይበልጣል፣ አቅራቢው ቢያስከፋችሁ ዕቃውን ሳትጥሉ መስመሩን ብቻ ወደ ሌላ ትወስዳላችሁ። ያገለገለ ኦቢ200 ግን አይግዙ። በአንድ ወቅት ከጉግል የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት ከጉግል ቮይስ ጋር በነፃ ስለሚሠራ ተወዳጅ ነበር፤ ሠሪው ኦቢሃይ በ2018 በፖሊኮም ከተገዛ በኋላ ዕቃው ከምርት ወጥቷል። የሌላ ኩባንያ ስም የታተመበትን ያገለገለ አዳፕተርም ይተዉት፤ ለዚያ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል።

ዕቃውን መትከል

አዳፕተሩ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለው፤ ሰፊው የኢንተርኔት ገመድ፣ ጠባቡ የስልክ ገመድ የሚገባበት ነው። ሰፊውን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኙ፣ ዋይፋይ ላይ አይንጠልጠሉ። ጠባቡ ውስጥ ስልኩን ይሰኩ። ኡማ ከሆነ ከመሰካቱ በፊት ከዕቃው ሥር የተለጠፈውን ማስጀመሪያ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ያስገባሉ፤ አድራሻ ሞልተው ሲጨርሱና አርማው ሰማያዊ ሲበራ አልቋል።

ኤችቲ801 ከሆነ መብራት ከሰጡት በኋላ ስልኩን አንስተው *** ይጫኑ፣ በድምፅ የሚናገር ማውጫ ይመጣል። 02 ሲጫኑ የራሱን አይፒ አድራሻ (በቤቱ ኢንተርኔት ላይ ያለውን መለያ ቁጥር) ያነብላችኋል። ያንን ቁጥር እዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ጻፉ። የይለፍ ቃሉ በአሮጌዎቹ «አድሚን» ነው፣ በአዲሶቹ ዕቃው ላይ የተለጠፈው ነው፤ የትኛውም ቢሆን ወዲያው ይቀይሩት። «ኤፍኤክስኤስ ፖርት» የሚለው ገጽ ላይ አራት ነገር ብቻ ይሞላል («ሲፕ» የሚባለው የኢንተርኔት ጥሪ የሚመራበት ቋንቋ ነው)፦ ፕራይመሪ ሲፕ ሰርቨር በሚለው አቅራቢው የሰጣችሁ የሰርቨር ስም፣ ሲፕ ዩዘር አይዲ እና ኦተንቲኬት አይዲ በሚሉት ሁለቱም ላይ የመለያ ስም፣ ከዚያ የይለፍ ቃል። ከአቅራቢው ሰርቨሮች ለቤታችሁ የሚቀርበውን ይምረጡ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው የዋሽንግተን፣ ሚኒያፖሊስ ላለ ሰው የቺካጎ ይሻላል። አስቀምጠው ሪቡት ካደረጉት በኋላ «ስታተስ» ገጽ ላይ «ሬጂስተርድ» ካለ መስመሩ ተከፍቷል።

እዚያው ገጽ ላይ ሳይወጡ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። የመጀመሪያው «ኖ ኪ ኢንትሪ ታይምአውት» ነው፣ ሲመጣ 4 ሴኮንድ ላይ ነው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ከደብተር ላይ አንድ በአንድ እያነበቡ ሲደውሉ፣ በሁለት አሃዝ መካከል 4 ሴኮንድ ካለፈ አዳፕተሩ ጨርሰዋል ብሎ ግማሹን ቁጥር ይደውላል። ወደ 8 ያድርጉት። ለቸኮለ ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ # መጫን ወዲያው ያስደውላል። ሁለተኛው «ከሲፕ ፕሮክሲ ብቻ የሚመጣ መልእክት ተቀበል» የሚል ትርጉም ያለው ምርጫ ነው፤ «የስ» ይበሉት። ካልሆነ በይነመረቡን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኩን ያስጮኹታል። ደዋዩ 100 ወይም 1001 ሆኖ ይታያል፣ ሲያነሱት ማንም የለም።

የቤቱ ሽቦ

ቀላሉ መንገድ ሽቦውን ጨርሶ መተው ነው። ባለብዙ እጀታ ገመድ አልባ ስልክ ገዝተው ዋናውን ማስቀመጫ አዳፕተሩ ላይ ይሰኩ፤ ሌሎቹን እጀታዎች መኝታ ቤትና ወጥ ቤት ያኑሩ፣ እነሱ የሚፈልጉት መብራት ብቻ ነው። አፓርትመንት ውስጥ ሌላ ምርጫ የለም፤ የግድግዳው ሽቦ ከጎረቤት ጋር ሊገናኝ ይችላል።

የራሱ ቤት ያለውና በየክፍሉ ያለው የግድግዳ ሶኬት እንዲሠራ የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ ቤቱን ከኩባንያው መስመር መለየት አለበት። የኩባንያው ሽቦ 48 ቮልት ያህል ዘወትር ይሸከማል፤ ስልኩ ሲጮህ ደግሞ ወደ 90 ቮልት ይወጣል። አዳፕተሩ በግድግዳው ሶኬት በኩል ከዚህ ጋር ከተገናኘ ሊቃጠል ይችላል። ከቤቱ ውጭ ግድግዳ ላይ ግራጫ ሳጥን አለ፤ የደንበኛውን በኩል ያለውን ክዳን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይክፈቱ። ውስጡ ቀዳዳዋ ውስጥ የተሰካች አጭር የስልክ ገመድ ያገኛሉ። ነቅለው ጫፏን በፕላስተር ጠቅልሉ፣ «አትሰካ» ብላችሁም ጻፉበት፤ አንድ ቀን የሚመጣ ቴክኒሻን በደግነት መልሶ ሊሰካት ይችላል። ከዚያ ቤት ገብተው ስልኩን ሶኬቱ ላይ ሰክተው ያዳምጡ። ምንም የመስመር ድምፅ ከሌለ ቤቱ ተለይቷል። አሁን ከአዳፕተሩ የስልክ ቀዳዳ አንድ ገመድ ወደ የትኛውም የግድግዳ ሶኬት ሲገባ ሌሎቹ ሶኬቶች ሁሉ ድምፅ ያገኛሉ። ስልኩ በፋይበር የሚመጣበት ቤት ከሆነ የሚነቀለው ገመድ ያለው የፋይበሩ ሳጥን ላይ ነው።

ደወል ያላቸው አሮጌ ስልኮች ብዙ ኃይል ይጠጣሉ። ሦስት አራቱን በአንድ ትንሽ አዳፕተር ላይ ከሰቀሉ፣ ጥሪ ሲመጣ አንዱም በደንብ ላይጮህ ይችላል።

ቁጥሩን ማዛወር

አዲሱን ዕቃ አቅራቢው በሚሰጠው ጊዜያዊ ቁጥር ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሞክሩት። ከረካችሁ በኋላ ነው የማዛወሪያ ጥያቄ የሚላከው። የሚጠየቀው የቅርብ ጊዜ ቢል፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ካለ ፒን እና የባለቤቱ ስምና አድራሻ ነው።

የእኛ ሰው ጥያቄ ውድቅ የሚሆንበት ቦታ ይሄ ነው። ቢሉ ላይ ያለው ስም ከዛሬ 20 ዓመት በፊት በስልክ ተነግሮ የተጻፈ ይሆናል። ተስፋዬ በአንድ ፊደል ጎድሏል፣ ያባት ስም በአያት ስም ተተክቷል፣ ወይም ስልኩ በሟች ባል ስም ነው። ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ፓስፖርት ላይ ያለው ትክክለኛ ስም ሳይሆን ቢሉ ላይ እንዳለው፣ ከነስህተቱ ነው። አፓርትመንት ቁጥሩም እንደዚያው። ቁጥሩ ላይ የማዛወር እገዳ ካለ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ደውሎ ማስነሳት አለበት።

ዝውውሩ ሲያልቅ የድሮው መስመር ጸጥ ይላል። የመጨረሻውን ቢል ግን ይፈትሹ፣ ከኢንተርኔት ወይም ከቴሌቪዥን ጋር የተጠቀለለ ከሆነ ዋጋው ሊቀየር ይችላል።

911 እና መብራት

የመዳብ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከኩባንያው ባትሪ ስለሆነ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። አዳፕተር አይሠራም። ሞደሙ፣ ራውተሩና አዳፕተሩ አንድ ላይ 25 ዋት ገደማ ቢወስዱ፣ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚተካ ዕቃ) ሁለት ሰዓት ገደማ ያቆያቸዋል። የገመድ አልባውን ስልክ ማስቀመጫም እዚያው መሰካት አይርሱ፤ ብዙ ሰው ሦስቱን ሰክቶ እሱን ይረሳል። የሰፈሩ ኢንተርኔት ራሱ ከጠፋ ዩፒኤስ አያድንም፣ ስለዚህ አንድ የተሞላ ሞባይል ቤት ውስጥ ይኑር።

911 ሲደወል የሚታየው እናንተ የመዘገባችሁት አድራሻ ነው። ቤት ስትቀይሩ እዚያው ቀን አስተካክሉት፤ ዕቃውን ይዛችሁ ሌላ ከተማ ብትሄዱም የሚታየው የድሮው አድራሻ ነው። ብዙ አቅራቢዎች ዘንድ 933 ሲደወል የተመዘገበውን አድራሻ በድምፅ ያነባል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው አረጋውያን ባሉበት ቤት ይህ ጨዋታ አይደለም። አስተርጓሚ እስኪገኝ «አምሃሪክ» ብለው ቢጠብቁ እንኳ፣ አምቡላንሱ የትኛው በር እንደሚያንኳኳ የሚያውቀው ከዚያ አድራሻ ነው። የቤት ማንቂያ ደወል ወይም አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ በስልክ መስመሩ የሚሠራ ከሆነ፣ ከአቅራቢው ጋር ሳትነጋገሩና ሳትሞክሩት መስመሩን እንዳትቀይሩ።

አገር ቤት መደወል

በነፃ የሚሰጠው ጥሪ ኢትዮጵያን አያካትትም። የሞባይሉንና የመደበኛውን የደቂቃ ዋጋ ለየብቻ ይመልከቱ። አደዋወሉ ላይ የሚያምታታ ነገር አለ፦ 011 በአሜሪካ ወደ ውጭ መውጫ ነው፣ አገር ቤት ደግሞ የአዲስ አበባ ኮድ ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ መደበኛ ስልክ 011 251 11 ብለው ቀሪውን 7 አሃዝ ያስከትላሉ፤ በ09 የሚጀምር ሞባይል ዜሮው ወድቆ 011 251 9 ይሆናል። በራሳችሁ መስመር ከሆነ አቅራቢው ገጽ ላይ ከምትደውሉባቸው አገሮች በስተቀር ሌላውን ዝጉ፣ ሒሳቡ ከባንክ ካርዳችሁ በራሱ እንዳይሞላም አጥፉት። የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው በአንድ ሌሊት ውድ አገሮች ላይ ደውሎ ሒሳቡን ያራግፈዋል።

ሲበላሽ

ንግግሩ ከ30 ሴኮንድ ትንሽ አልፎ በተደጋጋሚ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ነው። ውስጡ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባል ነገር አለ፤ ይረዳ መስሎት የጥሪውን መልእክት ያበላሻል። ያጥፉት። 32 ሴኮንድ ላይ የሚቆረጠው የማረጋገጫ መልእክት ሳይደርስ ሲቀር አንደኛው ወገን የሚጠብቀው ያን ያህል ስለሆነ ነው።

መደወል ይቻላል ግን ጥሪ አይገባም? ራውተሩ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ያላለፈበትን የአዳፕተሩን መግቢያ በር ዘግቶታል። አዳፕተሩ ገጽ ላይ «ኪፕ አላይቭ» የሚባለው፣ በሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከው ምልክት፣ በ20 ሴኮንድ እንዲሆን ያድርጉ።

ድምፅ የሚቆራረጠው ልጆች ቪዲዮ ሲጭኑ ከሆነ ችግሩ የፍጥነት ማነስ ብቻ አይደለም። አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው ወደ 90 ኪሎቢት በሴኮንድ ብቻ ይበቃዋል፤ የሚገድለው ወረፋው ነው። ራውተሩ ላይ ለአዳፕተሩ ቅድሚያ ይስጡ። ባንክ ደውለው «1 ይጫኑ» ሲባል ቢጫኑም ካልሰማ ደግሞ አዳፕተሩ ገጽ ላይ የዲቲኤምኤፍ (የቁልፍ ድምፆች አላላክ) ምርጫው አርኤፍሲ 2833 ላይ መሆኑን ይመልከቱ።