ታብሌት ላይ ሙዚቃ ለምትሠሩ፦ 60ና 120 ሄርዝን እንዴት ታስተካክላላችሁ?

«120 ሄርዝ ታብሌት ብገዛ ከበሮው ቶሎ ይመታልኛል?» ጅማ ውስጥ ታብሌት ላይ ቢት የሚሠራ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀው ይሄን ነው። ትንሽ ይረዳል፤ የሚወራለትን ያህል ግን አይደለም። ስክሪኑ ላይ ብር ከመጨመራችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ታብሌት አስተካክሉት።

ሪፍሬሽ ሬት ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው። 60 ሄርዝ ከሆነ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ፣ 90 ከሆነ በየ11.1፣ 120 ከሆነ በየ8.3 ያድሳል። በ60ና በ120 መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ከበሮ መቺው ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቢቆም ድምፁ እናንተ ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። ደግሞም ይሄ የምስሉ ልዩነት ነው እንጂ የድምፁ አይደለም። ኖታ ስትጎትቱ፣ ቮሊውም ስታንሸራትቱ፣ ትራኩን ስታሳድጉና ስታሳንሱ 120 በእርግጥ ደስ ይላል፣ ጣታችሁን ተከትሎ ይመጣል። ድምፁ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው።

1. አሁን ስንት ላይ እንደሆነ እዩ

120 የሚችል ታብሌት ይዞ 60 ላይ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ሞሽን ስሙዝነስ ግቡ። አይፓድ ከሆነ 120 ያለው ፕሮው ላይ ነው፣ እሱም ከ2017 ወዲህ በወጡት፤ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ሞሽን የሚለው ጋ «ሊሚት ፍሬም ሬት» በርቶ ከሆነ አጥፉት። አንድሮይድ ላይ ቁጥሩን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩ፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈትላችኋል፣ እዚያ ውስጥ «ሾው ሪፍሬሽ ሬት» የሚል ካለ አብሩት።

2. ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ባትሪ ቆጣቢ ማብራት ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን ወደ 60 ያወርደዋል፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገየዋል። ሪከርድ እያደረጋችሁ ከሆነ ብርሃኑን ቀንሱ፣ ዋይፋይና ዳታ አጥፉ፣ ቆጣቢውን ግን አታብሩት።

3. ብሉቱዙን ንቀሉ

ይሄ ላይ አልደራደርም። ተራ የብሉቱዝ ኢርፎን ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገያል። 8 ሚሊሰከንድ ለማትረፍ ውድ ስክሪን ገዝቶ በብሉቱዝ መጫወት ምን ይሉታል? ባለ ገመድ ኢርፎን ሰኩ። ታብሌቱ ቀዳዳ ከሌለው የዩኤስቢ ሲ አስማሚ ፈልጉ።

4. በፈሩን አስተካክሉ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። አፑ ድምፁን በትንሽ በትንሹ እያጠራቀመ ነው ወደ ስፒከሩ የሚልከው፣ የሚያጠራቅመው መጠን በፈር ይባላል። በ48000 ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ 48000 ሳምፕል ወይም ናሙና ሲኖረው) 1024 ሳምፕል የሚይዝ በፈር 21.3 ሚሊሰከንድ ያስጠብቃችኋል። 512 ከሆነ 10.7፣ 256 ከሆነ 5.3፣ 128 ከሆነ 2.7። አፓችሁ ሴቲንግ ውስጥ ኦዲዮ የሚል ክፍል ካለው 256 ላይ አድርጉና ተጫወቱ። ድምፁ ጠቅ ጠቅ እያለ ከተቆራረጠ ወደ 512 ከፍ አድርጉ። ሪከርዱ አልቆ ሚክስ ስታደርጉ 1024 ቢሆንም ግድ የለም፣ ያን ጊዜ በእጃችሁ የምትመቱት ነገር የለም።

5. በጥፍራችሁ ፈትኑት

ጆሮ ይሸወዳል፣ ስለዚህ ለኩት። ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ ኢርፎኑን ንቀሉ፣ የከበሮ ፓድ ክፈቱ። ስልካችሁን ስፒከሩ አጠገብ አድርጋችሁ ድምፅ መቅጃውን አስጀምሩ። ከዚያ የጣታችሁን ሥጋ ከጥፍሩ ጫፍ ጋር አድርጋችሁ ፓዱን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፣ ደጋግማችሁ። ቅጂውን ሞገዱን በሚያሳይ አፕ ከፍታችሁ አሳድጉት። መጀመሪያ ቀጭን ጫፍ ይታያል፣ ጥፍሩ መስታወቱን ሲመታ ነው። ቀጥሎ ወፍራሙ ይመጣል፣ ከበሮው ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የታብሌታችሁ እውነተኛ መዘግየት ነው።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ግን አትሞክሩት፤ የጅማ ዝናብ እንኳን ጥፍር ከበሮውንም ይውጠዋል።

አሁን 60 ላይ አንድ ጊዜ፣ 120 ላይ አንድ ጊዜ ለኩ። ንክኪን ከስክሪኑ ዕድሳት ጋር እያያዘ የሚቀበል አፕ ካላችሁ ጥቂት ሚሊሰከንድ ታተርፋላችሁ፣ በሌላው ላይ ለውጡን ፈልጋችሁም ላታገኙት ትችላላችሁ። በፈሩን ከ1024 ወደ 256 ስታወርዱ ግን ክፍተቱ ሲጠብ ታያላችሁ። ሄርማታ መርካቶ ታብሌት ልትገዙ ስትሄዱም ይሄንኑ ሱቁ ውስጥ ሥሩት፣ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። በነገራችን ላይ ተች ሳምፕሊንግ ሬት የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፣ ታብሌቱ ጣታችሁን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ የሚናገር ነው። «240 ሄርዝ» ካሏችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ።

6. ታብሌቱ ሲግል 60 ላይ መልሱት

120 በነፃ አይመጣም፣ ባትሪም ይበላል ታብሌቱንም ያሞቃል። ክራር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ድምፅ፣ ላዩ ላይ ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) ደራርባችሁ ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ በፈሩን ከመጨመራችሁ በፊት ስክሪኑን 60 አድርጋችሁ ሞክሩ። በተለይ ርካሽ ታብሌት ላይ ፕሮሰሰሩ ትንፋሽ ያገኛል። ካልበቃው ያለቀላቸውን ትራኮች ወደ ኦዲዮ (ወደ ተቀዳ ድምፅ) ቀይሯቸው፣ ሽፋኑንም አውልቁት፣ ሙቀቱን አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው።