የወታደር ቀበቶ ዘለበት፦ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት

ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ዝናር ታጥቀው ሲወጡ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ወገባቸው ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከመንዝ እስከ ደብረ ሲና፣ በአንድ ቤት ሳጥን ውስጥ ያለች አንዲት የቀበቶ ዘለበት የቤተሰቡን ታሪክ ይዛ ትገኛለች። «ከጣሊያን የተማረከ ነው» ይሏችኋል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ከ1928 እስከ 1933 በዚህ ምድር ከባድ ውጊያ ተደርጓል፤ ራስ አበበ አረጋይን የመሰሉ መሪዎችም ሸዋ ውስጥ እስከ መጨረሻው ጠላትን ተዋግተዋል። ነገር ግን ለጥንት ዕቃ ዋጋ መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ ይኸው ቃል ትናንት ከፋብሪካ ለወጣ ብረትም መሸጫ ሆኗል። የሚያናድደኝም ይህ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት። ለቴአትር፣ ለፊልም ወይም ለሰልፍ ተብሎ የሚሠራ ቅጂ አለ። ቅጂ መሆኑ ተነግሮ እስከተሸጠ ድረስ ምንም ነውር የለበትም። ሐሰተኛ የሚሆነው ቅጂው አሲድ ተቀብቶ፣ አመድ ውስጥ ተቀብሮ፣ «አባቴ የማረከው» ተብሎ ሲቀርብ ነው። ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ ሊወጡ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ሻጩ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚለውን ስሙ፣ አትናቁት፤ ፍርዱን ግን ከብረቱ ውሰዱ።

የሚያስፈልጓችሁ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽር፣ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ ወይም ካሊፐር፣ ግራም የሚለካ ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውኃ ናቸው። ዘለበቱን ስትቀበሉ መጀመሪያ ገልብጡት። አስመሳዩ የሚደክመው ለፊቱ ነው፤ ጀርባውን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

ምልክት፦ ጌጡ ደብዝዟል፣ ነገር ግን የተፋቀ አይመስልም

የንስሩ ላባ፣ የአንበሳው ጋማ፣ የፊደሉ ጠርዝ ሁሉ እኩል ልስልስ ብሏል። ያረጀ ዘለበት እንዲህ አይሆንም። እውነተኛ እርጅና ከፍ ያለውን ይበላል፣ ጎድጎድ ያለውን ይተወዋል። ጉድጓዱም ጉብታውም እኩል ከደበዘዘ ምክንያቱ ዕድሜ ሳይሆን አሠራር ነው፤ አንድ እውነተኛ ዘለበት እንደ መቅረጫ ተይዞ፣ በላዩ ቅርጽ ተወስዶ፣ የቀለጠ ብረት ፈስሶበታል።

መፍትሄው መለካት ነው። የቀለጠ ናስ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከ60 ሚሊ ሜትር ዘለበት የተገለበጠ ቅጂ 59 አካባቢ ይሆናል። በትክክል የሚታወቅ ዘለበት ካላችሁ አጠገቡ አስቀምጡና ስፋቱንም ቁመቱንም ለኩ። ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር ጀርባውን እዩ፦ እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ በጎኑ ዙሪያ የሚሄድ የመገጣጠሚያ መስመር፣ ወይም ያንን መስመር ለማጥፋት የተሳበ የሞረድ ጭረት ታገኛላችሁ። ከስስ ቆርቆሮ በማተሚያ የተመታ ዘለበት ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ከፊት ያበጠው ከኋላ ጎድጉዶ ይታያል።

እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ፈስሶ የተሠራ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የነበረው ንስር ያለበት የሰይፍ ቀበቶ ሰሌዳ፣ ማለትም ጠፍጣፋ ዘለበት፣ በፋብሪካው ራሱ ፈስሶ የተሠራ ወፍራም ናስ ነው። በዚያው ጦርነት ተራው ወታደር የታጠቀው ሞላላ ሰሌዳ ደግሞ ስስ ናስ ተመትቶ፣ ጀርባው በእርሳስ ተሞልቶ፣ መንጠቆዎቹ እርሳሱ ውስጥ የተተከሉበት ነው። ስለዚህ ይህ ሞላላ ሰሌዳ ድፍን ናስ ሆኖ ከመጣ አጠያያቂ ነው። የምትይዙት ዘለበት በዘመኑ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይቀድማል።

ምልክት፦ ናስ ይመስላል፣ እጅ ላይ ግን ቀለል ይላል

ይህን ከራሴ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንድ ሰው በጨርቅ የጠቀለለ ዘለበት አሳየኝ። ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ በዙሪያው ጽሑፍ፣ ቀለሙ ጥቁር ቡናማ። «የክቡር ዘበኛ ነው» አለኝ። ማግኔት አስጠጋሁ፣ አልያዘም። ደስ አለኝና ገዛሁት። ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር፤ ማግኔት አለመያዙ ብረት አለመሆኑን እንጂ ናስ መሆኑን አይናገርም። አሉሚኒየምም ዚንክም በማግኔት አይሳቡም፤ የዛሬ ርካሽ ቅጂዎች በብዛት የሚፈሱት ደግሞ ከዚንክ ቅይጥ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ መዘንኩት፤ 80 ግራም። ከዚያ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩ። ዘለበቱን በክር አስሬ፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ሚዛኑ 12 ግራም አሳየ። ይህ ቁጥር ዘለበቱ የገፋው የውኃ መጠን ነው፤ 12 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 80ን ለ12 ሳካፍል 6.67 መጣ። ናስ ቢሆን ከ8.4 እስከ 8.7 ባለው ውስጥ መውደቅ ነበረበት፤ ብረት 7.8 አካባቢ፣ አሉሚኒየም 2.7 ነው። 6.6 እና 6.7 የዚንክ ቅይጥ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ጀርባውን በመብራት ስመለከት መንጠቆው ሥር ቀለሙ ተላጦ ነጣ ያለ ግራጫ ብረት ብቅ ብሏል። ገበያው ላይ ሳለሁ እዚያው ነበር፤ እኔ ግን አንበሳውን እያየሁ ነበር።

ይህ የውኃ ልኬት የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ጀርባው ጎድጓዳ ከሆነ አየር ይይዝና ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ውኃው ውስጥ አገላብጡት፣ አረፋው ይውጣ። እርሳስ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከናስ በላይ ይወጣል። ቆዳ የተያያዘበትን ዘለበት በፍጹም ውኃ ውስጥ አትክተቱ።

ምልክት፦ አረንጓዴ ዝገቱ በጣት ይነሳል

ናስ በአሞኒያ ትነት፣ በጨውና ኮምጣጤ ወይም በሌላ ኬሚካል በአንድ ሌሊት ያረጃል። እንዲህ የመጣ ቀለም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ዱቄት ይመስላል፣ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ይለቃል፣ አንዳንዴም ይሸታል። የዓመታት ቀለም ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ፣ አንዱ ጋ ጠቁሮ ሌላው ጋ ቡናማ ሆኖ ይታያል። በእኛ አገር ምድጃ ያለበት ቤት የኖረ ዕቃ ደግሞ ጎድጓዳው ውስጥ የጢስ ጥቀርሻ ይዞ ይገኛል። ጥቀርሻው ቅባት አለው፤ በጥርስ እንጨት ስትፍቁት ይሰበሰባል እንጂ እንደ አቧራ አይበንም።

በተቃራኒው ማንጸባረቁን ብቻ አይታችሁ «አዲስ ነው» አትበሉ። እናቶቻችን ለበዓል ናስ በአመድና በሎሚ ፈትገው ያበራሉ። እንዲህ የጸዳ ዘለበት ፊቱ ወርቅ መስሎ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ይገኛል፤ ፊደሎቹ መካከልም አመድ ነጣ ብሎ ቀርቶ ይታያል። ይህ ለእኔ የእውነተኛነት ማስረጃ እንጂ ጥርጣሬ አይደለም።

ምልክት፦ ያረጀው ቦታ ቦታው አይደለም

ዘለበት የሚያልቀው ሲሠራ በሚፋተግበት ነው፦ መንጠቆው ሆድ፣ ቆዳው የሚዞርበት ዘንግ፣ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ምላስ፣ የጀርባው ጠርዝ። ፊቱ ተጭሮና ተቀጥቅጦ መንጠቆው ግን ስለታም ከሆነ፣ ያረጀው በታጣቂ ወገብ ሳይሆን በሞረድና በመዶሻ ነው። ቆዳው ካለ ቀዳዳዎቹን እዩ፤ አንዱ ተለጥጦ ሌሎቹ ክብ ሆነው መቅረት አለባቸው፤ ሰው የሚታጠቀው በአንድ ቀዳዳ ነውና። ስፌቱን በአልትራቫዮሌት መብራት፣ የብር ኖት በሚፈተሽበት ዓይነት፣ ብታዩት ክሩ ደማቅ ሰማያዊ ካበራ ክሩ የቅርብ ጊዜ መሆኑን ጠርጥሩ። ቀበቶው ሊታደስ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ምልክት፦ አርማው ወይም ፊደሉ ቅር ይላል

እዚህ ላይ እኛ ከውጭ ሰብሳቢ ሁሉ እንበልጣለን፣ ፊደል እናነባለንና። ያ የደብረ ብርሃኑ ዘለበቴ ዙሪያውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ነበር። በአጉሊ መነጽር ስቆጥረው የመጨረሻው ቃል «ይሀደ» ሆኗል። የ«ሁ» ቅጥያ የለችም፣ የ«ዳ» እግርም አላጠረም። ይህ ፊደል የማያውቅ እጅ ሥራ ነው፤ ቅርጹን እንደ ሥዕል ነው የገለበጠው። «ሞዓ» ተብሎ ወይም «ሞአ» ተብሎ መጻፉ ምንም አይደለም፣ በዘመኑም ሁለቱም ተጽፈዋል። ቃሉን የሚያፈርስ ግድፈት ግን በንጉሡ አርማ ላይ ሊያልፍ አይችልም።

አንበሳውንም እዩት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘውድ ደፍቶ፣ ጫፉ መስቀል የሆነ ዘንግ ይይዛል። በ1967 ዘውዳዊው ሥርዓት ሲሻር ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ ላይ ዘውዱ ወርዷል፣ የዘንጉ ጫፍም ጦር ሆኗል። ስለዚህ ዘውድ የሌለውና ጦር የያዘ አንበሳ «ከኮሪያ ዘማች የተገኘ» ተብሎ ቢቀርብላችሁ፣ የቃኘው ሻለቃ የዘመተው በ1943 መሆኑን አስታውሱ።

ምልክት፦ ወሬውና ዘለበቱ አይገናኙም

የጣሊያን ተራ እግረኛ ቀበቶ ግራጫ አረንጓዴ ቆዳ ሲሆን ማሰሪያው አርማ የሌለው አራት ማዕዘን ነው። አስካሪው፣ ማለትም በጣሊያን ጦር ውስጥ ያገለገለው አፍሪካዊ ወታደር፣ ደግሞ ወገቡን በድግ ያስር ነበር፤ የድጉ ቀለም የየትኛው ሻለቃ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ትልቅ የፋሺስት አርማ የተቀረጸበት ሰሌዳ «ከተራ ወታደር የተማረከ» ሲባል ምርመራችሁን እጥፍ አድርጉ። አርማ ያለበት የለም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የሚፈበረከው እሱ ነው፣ ዓይን የሚስበው እሱ ነውና። በ1933 ከአርበኞቹ ጎን የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር የሸራ ቀበቶም የናስ ማሰሪያው ጌጥ የለውም፤ ዓመተ ምሕረቱና የመንግሥት ንብረትነቱን የሚያሳየው የቀስት ጫፍ ምልክት የሚፈለገው ሸራው ላይ ነው።

«ጎት ሚት ኡንስ»፣ ማለትም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው፣ የሚል የጀርመን ዘለበትም ለቱሪስት ሲቀርብ አይቻለሁ። በዓለም ላይ እንደ ጀርመን ዘለበት የተቀዳ ጥቂት ነው። ለዚህ አንድ ፈጣን ፍተሻ አለ፦ የአሉሚኒየሙ ዘለበት በጦሩ ውስጥ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ነው። በአሉሚኒየም ላይ የንጉሥ ዘውድና «1915» ተቀርጾ ካገኛችሁ መመርመሩን አቁሙ፤ ሐሰተኛ ነው። ኮከብና ማጭድ ያለበት የሶቪየት ዘለበት ግን እጅግ በብዛት ስለተመረተ እውነተኛው ራሱ ርካሽ ነው፤ ውድ ዋጋ ከተጠራበት የሚያጠራጥረው ዋጋው ነው።

ሐሰተኛ ገዝታችሁ ከሆነ

ለሻጩ በቶሎ መልሱ፤ እሱም ተታሎ ሊሆን ይችላልና በክብር አነጋግሩት። ካልተመለሰላችሁ ጀርባው ላይ በማይጠፋ ጭረት «ቅጂ» ብላችሁ ጻፉበት። የእኔው ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ለጀማሪዎች ማሳያ ሆኗል። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ አታጽዱት፣ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ የማን እንደነበረና ከማን እንደሰማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት። ቅርስ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑንም እወቁ፤ ለውጭ ገዢ ከማሳየታችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

አንኮበር ላይ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ ማሰሪያ አሳይተውኝ ያውቃሉ። አራት ማዕዘን፣ ባዶ፣ አርማ የለው ምን የለው። ነጋዴዎች አይተው ትተውት ነበር። «ጌጥ የለውም ልጄ፣ አባቴ ግን ከጣሊያን ወገብ ነው የፈታሁት ይል ነበር» አሉኝ፣ እንደማፈር ብለው። ምላሱ በአንድ ወገን ተበልቷል። ዘንጉ ላይ ጥፍር የምታህል የቆዳ ቅሪት ተጣብቃለች፤ በምራቄ አርጥቤ በፀሐይ ሳያት ግራጫ አረንጓዴ ናት። «እማማ፣ ይህን ለማንም እንዳይሰጡ» አልኳቸው። የአባታቸውን ስምና የዘመቱበትን ቦታ እየነገሩኝ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አራት አጥፈው ከማሰሪያው ጋር መልሰው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።