በፈረንጅ ገና ሰሞን ለሥራና ለጉዞ አውስትራሊያ የሚሄዱ ወጣቶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ሜልቦርን የደረስኩት ዲሴምበር 20 ቀን ነበር፤ የስዊድን ፓስፖርት ይዤ፣ አንድ ሻንጣ በጀርባዬ አዝዬ። ከስቶክሆልም ጨለማና በረዶ ወጥቼ በጠራራ ፀሐይ የተንቆጠቆጠ የገና ዛፍ ሳይ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሁለት ቀን ነው የቆየው። ምግብ ቤት ለምግብ ቤት እየዞርኩ ሥራ ስጠይቅ መልሳቸው ተመሳሳይ ሆነ፤ «የበዓል ሠራተኛ ከኖቬምበር ጀምሮ ይዘናል፣ ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ ተመለስ።»

ዛሬ እዚያው ሜልቦርን እኖራለሁ። በየዓመቱ ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከእስራኤል፣ ከአሜሪካ የሚመጡ የኛ ልጆች የዘመድ ስልክ ይዘው ይደውሉልኛል፤ የሚነግሩኝ ችግር ብዙ ጊዜ እኔ ያለፍኩበት ነው። የገና ሰሞን ሥራ የሚበዛበትና ክፍያ ከፍ የሚልበት ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት፣ ቢቸግር የሚረዳ ሰው የሚታጣበትም ያው ሰሞን ነው።

ቪዛው ለማን እንደሚሰጥ ሳያጣሩ ገንዘብ መክፈል

ጉዳቱ የከፋ ስለሆነ ይህን አስቀደምኩ። አውስትራሊያ ለወጣት ተጓዦች የምትሰጠው የሥራና የዕረፍት ቪዛ ሁለት ዓይነት ነው፤ 417 እና 462 በሚሉ ቁጥሮች ይታወቃል። የሚያገኙት ስምምነት ያላቸው አገሮች ዜጎች ብቻ ናቸው። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ጀርመን፣ ካናዳና እንግሊዝ በ417፣ አሜሪካና እስራኤል በ462 ይስተናገዳሉ። ኢትዮጵያ በሁለቱም ውስጥ የለችም። ስለዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት «የገና ሰሞን የእርሻ ሥራ ቪዛ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው። እባካችሁ ይህን ለአገር ቤት ዘመዶቻችሁ ንገሩ፤ ቤት አስይዞ ወይም በሬ ሸጦ የሚከፍል ወንድም ይኖራችሁ ይሆናል።

ፓስፖርቱ ያላችሁ ደግሞ ዕድሜያችሁን ተመልከቱ። ገደቡ ከ18 እስከ 30 ነው፤ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳና ለጥቂት ሌሎች አገሮች ዜጎች እስከ 35 ይደርሳል። የመጀመሪያው ቪዛ የሚጠየቀው ከአውስትራሊያ ውጭ ተሁኖ ስለሆነ፣ በቱሪስትነት ገብቼ እቀይረዋለሁ ማለት አያዋጣም። 5,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ መያዛችሁን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃም ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ዲሴምበር ከተጋመሰ በኋላ መድረስ

ቢቻል ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ድረሱ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በነፃ የሚሰጥ ቢሆንም እስከ 28 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ የሚላከውም በፖስታ ነው። ብዙ ሰው ገብቶ በሚወጣበት ሆስቴል ደብዳቤ ስለሚጠፋ የዘመድ አድራሻ ካላችሁ እሱን ስጡ። ቁጥሩን በጊዜው ለአሠሪ ያላቀረበ ሰው ከደመወዙ ግማሽ የሚጠጋው ለግብር ይቆረጥበታል። መጠጥ በሚቀርብበት ቤት ለማስተናገድ ደግሞ አልኮልን በኃላፊነት ስለማቅረብ የሚሰጥ አጭር ሥልጠና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ደንቡ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያይ ለምትሠሩበት ቦታ የሚያገለግለውን አውጡ።

ማደሪያም እንዲሁ ነው። ሲድኒ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ርችት ስትሞላ የሆስቴል አልጋ ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ዲሴምበር 25 ቀን ደግሞ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ዝግ ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ጠዋት ዳቦ ፍለጋ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩና፣ በሆስቴሉ ማእድ ቤት አንድ ተጓዥ ትቶት የሄደውን ፓስታ ቀቅዬ በጨው በላሁ።

የእናትን ስንቅ ሳያስመዘግቡ መግባት

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ማር፣ ጥሬ ቡና፣ የያዛችሁትን ሁሉ በመግቢያው ቅጽ ላይ ጻፉ። የማይፈቀደውን ይወስዱታል። ደብቆ የተገኘ ግን ይቀጣል፤ ቪዛውም ሊሰረዝበት ይችላል።

በበዓል ቀን ስንት እንደሚከፈል አለማወቅ

በሚቀጥለው ገና ሥራ ነበረኝ፤ በአንድ የባሕር ዳር ምግብ ቤት። ዲሴምበር 26 ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሳህን ሳጥብ ጣቶቼ እንደ ተቀቀለ ቆዳ ተሸበሸቡ። ማታ ባለቤቱ ፖስታ ሰጠኝ፤ ሰዓቱና ብሩ በእርሳስ ተጽፎበታል። ተራ ማክሰኞ ከማገኘው አንዲት ሳንቲም አይበልጥም። አመስግኜ ወጣሁ። የማላውቀው ነገር ነበር፤ ደግሞም በዓመት በዓል ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ሆኖ ታየኝ። ያ ይሉኝታ ምን ያህል እንዳሳጣኝ የገባኝ በኋላ ነው። በሆቴልና በምግብ ቤት ዘርፍ ደንብ መሠረት ካዥዋል ሠራተኛ፣ ማለትም ቋሚ ሰዓት ሳይኖረው ሲጠራ የሚሠራ ሰው፣ በሕዝብ በዓል የሚከፈለው የመነሻ ክፍያው 2 እጥፍ ተኩል ነው። ዲሴምበር 25 እና 26፣ ጃንዋሪ 1 የሕዝብ በዓላት ናቸው።

በጁላይ 2025 የአገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 24.95 ዶላር ሆኖ ነበር፤ ካዥዋል ሲሆን 25 በመቶ ይጨመርበታል። መጠኑ በየጁላይ ስለሚከለስ ከመሄዳችሁ በፊት አዲሱን እዩ። አሠሪው ከዚህ ሌላ 12 በመቶ ለጡረታ ቁጠባ ያስገባል። አገሩን ለቃችሁ ስትወጡ 65 በመቶው በግብር ቢሄድም የቀረው የናንተ ነውና ሳትጠይቁ አትተዉት።

የሠራችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፉ፤ የደመወዝ መግለጫ በየጊዜው ጠይቁ። መብታችሁ ከተነካ የሠራተኛን መብት የሚያስከብረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፌር ወርክ ኦምቡድስማን፣ ያለ ክፍያ ይረዳል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በ131 450 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል።

የቼሪ ለቀማን በወሬ መገመት

በገና ሰሞን የእርሻ ሥራ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ቼሪ ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ያንግ የምትባለው ከተማ ኖቬምበርና ዲሴምበር ትለቅማለች፤ ታዝማኒያ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ ትከተላለች። «በቀን ይህን ያህል ታገኛለህ» የሚለውን ወሬ አትመኑ። ገና ሊነጋ ሲል ባልዲ ደረታችሁ ላይ ታስሮ መሰላል ትወጣላችሁ። ቼሪዋ ከነቀጭን እንጨቷ መነቀል አለባት፤ በጉልበት የሳበ ሰው የመጪውን ዓመት ፍሬ የሚሰጠውን እምቡጥ አብሮ ይገነጥላል፣ ተቆጣጣሪውም ይቆጣል። ዝናብ ሲዘንብ ፍሬው ስለሚሰነጠቅ ሥራ ይቆማል፤ ሦስት ቀን ተቀምጣችሁ የአልጋ ኪራይ ትከፍላላችሁ። ለሁለተኛ ዓመት ቪዛ የሚጠየቀውን የ88 ቀን የእርሻና መሰል ሥራ የሚቆጥሩ ልጆች ይህን አስቀድመው ያስሉት። (የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላቸው ከጁላይ 2024 ወዲህ ይህ ግዴታ ቀርቶላቸዋል።)

በቁርጥ፣ ማለትም በለቀማችሁት መጠን ቢከፈላችሁም፣ ከኤፕሪል 28 ቀን 2022 ጀምሮ በሰዓት ሲሰላ ከተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ማነስ አይችልም። «ሥራ የምሰጥህ እኔ ጋ ካደርክ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ማስያዣ ከመክፈላችሁ በፊት እርሻው ሥራ መጀመሩን በስልክ አረጋግጡ። ፓስፖርታችሁን ለማንም አታስረክቡ።

ሙቀቱንና ባሕሩን መናቅ

አብዛኞቻችን ባሕር ሳናይ ነው ያደግነው። በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ ዋኙ። ማዕበል የማይሰበርበት ጸጥ ያለው ሥፍራ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ጅረት ያለበት ነው። ከያዛችሁ አትታገሉት፤ በጀርባችሁ ተንሳፈፉና እጃችሁን አንሡ።

ሌላው የከሰል ነገር ነው። ሜልቦርን ባለችበት ክፍለ ግዛት፣ በቪክቶሪያ፣ እሳት ፈጽሞ የሚከለከልባቸው ቀናት ይታወጃሉ፤ በዚያን ቀን ውጭ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ወንጀል ነው። አንዱ ፍንጣሪ ጫካ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል።

የጤና መድንም ግዙ። የስዊድን፣ የኖርዌይና የእንግሊዝ ዜጎች አገሮቻቸው ባላቸው ስምምነት አስፈላጊ ሕክምና ያገኛሉ፤ ከጀርመን፣ ከካናዳ፣ ከአሜሪካና ከእስራኤል የምትመጡ ግን ይህ የላችሁም።

የራስን ገና ለሥራ መስጠት

ጃንዋሪ 7 እዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው። ፈረቃ የሚያወጣው ሰው ስለ ኢትዮጵያ ገና አያውቅም፤ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ንገሩት። ዲሴምበር 25 እና 26 ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛ ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ቀን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ አይከለከልም። የነቢያትን ጾም የምትጾሙ ከሆነም ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ በሠራተኞች የገና ግብዣ ላይ ከቱርክና ከአሳማ ሥጋ ሌላ የሚቀርብላችሁ ላይኖር ይችላል።

የበላሁት ፓስታ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጃንዋሪ 6 ማታ፣ ፉትስክሬይ በሚባለው የሜልቦርን ሰፈር አንድ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ ቤተ ክርስቲያን ጠየቅሁ። ባለሱቋ መንገዱን በወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ቅዳሴው አልቆ ሌሊት ስንወጣ አየሩ ገና ይሞቃል። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ቲሸርቴን አይተው፣ ነጠላ እንደሌለኝ አይተው፣ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትፈስከው?» አሉኝ። ከማንም ጋር እንዳልሆንኩ ስነግራቸው ክንዴን ይዘው ወደ መኪናቸው ወሰዱኝ።