ስኳር ሲወርድ «ጭንቀት ነው» ብለን የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ እየሄድኩ ነበር። ረዳቱ ሠላሳ ብር መለሰልኝ። ሦስት የአሥር ብር ኖት ነው፤ ቆጠርኩት፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና ቆጠርኩት። ልቤ ይመታል፣ መዳፌ በላብ ርሷል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ። አጠገቤ የነበሩት እናት «ልጄ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» ብለው ከቦርሳቸው ከረሜላ አወጡልኝ። ስታዲየም ጋ ወርጄ ስለካ የደሜ ስኳር 52 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ሆኜ፣ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እየወሰድኩ፣ ለወራት «ጭንቀት ይዞኛል» ስል ከርሜአለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሳይለኩ ጭንቀት ማለት። አእምሮ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። የራሱ ጎተራ የለውም ማለት ይቻላል፤ በደም የሚመጣለትን ስኳር ይጠብቃል። ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ፣ ጉበት ያከማቸውን እንዲለቅ ሰውነት አድሬናሊን ያመነጫል። ውሻ ድንገት ሲዘልብን የሚመነጨው ያው አድሬናሊን ነው። መንቀጥቀጡም፣ የልብ ምቱም ከዚያ ይመጣል። ፍርሃቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ምክንያቱን ጭንቅላታችን ኋላ ይፈልግለታል፦ የቤት ኪራይ፣ አለቃ፣ ትናንት የሰማነው ክፉ ቃል። አዲስ አበባ ላይ የሚያስጨንቅ ነገር ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም።

ሁሉን በስኳር ማሳበብም ስህተት ነው። ለክተው 110 ካገኙ ስኳርዎ አልወረደም። ያ ጭንቀት ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል፤ ከረሜላ አያድነውም።

ሁለተኛው ይብሳል፦ «አልተንቀጠቀጥኩም፣ ደህና ነኝ» ማለት። ስኳር ደጋግሞ ሲወርድ ሰውነት ይለምደዋል፤ ማስጠንቀቂያው እየደከመ ይሄዳል። ላብና መንቀጥቀጥ ሳይኖር ሰው በቀጥታ ግራ ወደ መጋባት ይገባል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ በትንሹ ይቆጣል። እኛ ቤት ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እህቴ ናት። በሽሮው ጨው መጨቃጨቅ ስጀምር መለኪያውን ታቀብለኛለች። ተናድጄ እለካለሁ፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናት። ደግነቱ፣ ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ ከተጠነቀቁ ማስጠንቀቂያው በአብዛኛው ይመለሳል። የመድኃኒቱን መጠን የሚያስተካክለው ግን ሐኪም ነው። ፕሮፕራኖሎል (የልብና የደም ግፊት መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊሸፈንባቸው ይችላል፤ ላቡ ግን አይደበቅም።

ሦስተኛው፣ ስኳር ሲወርድ ቸኮሌት መብላት ነው። ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ኮካ (ስኳር የሌለበት አይሆንም!) ይጠጡ። 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ከዚያ ዳቦም እንጀራም ይከተላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨምሩ። በጎኑ አስተኝተው 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ።

ቁጥሩ ሲስተካከል ወዲያው መሪ መያዝም ስህተት ነው። አእምሮ ከቁጥሩ ኋላ ነው የሚመለሰው፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ከባድ መውረድ ሲደጋገም ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል። ስለዚህ እናት አባታችን «ዝም ብሎ ድካም ነው» ሲሉ አንመናቸው።

ፈርቶ ስኳርን ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ መያዝም አለ። እኔም ከታክሲው በኋላ አድርጌዋለሁ። ዓይንና ኩላሊት ይከፍሉበታል።

ጾም ላይ የሚሠራው ስህተት ግን በየዓመቱ የምሰማው ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን እስከ ማታ እየጾሙ የኢንሱሊኑን ወይም የግሊቤንክላማይዱን (የስኳር ክኒን ነው) መጠን እንደነበረ መውሰድ። ሌላው የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚን፣ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች ብዙም አያወርድም፤ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ግን ያወርዳሉ። ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ያማክሩ። በባዶ ሆድ ቢራም ሆነ ጠጅ መጠጣትም እንዲሁ ነው። ጉበት አልኮሉን በማጣራት ሲጠመድ ስኳር መልቀቁን ይተዋል። የሚንገዳገደውን ያየ ሰው ደግሞ «ሰክሯል» ብሎ ያልፋል።

ሌሊት የሚወርደውን አለመጠርጠርም አለ፦ ቅዠት፣ በላብ የራሰ አንሶላ፣ ጠዋት ራስ ምታት። እኔ ከትራሴ ሥር መለኪያውንና አምስት ከረሜላ አስቀምጣለሁ። የእህቴ ልጅ ስለደረሰባቸው አሁን ሦስት ቀርተዋል።