ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር ለደረጃ ምርመራ እንዴት ይዘጋጃሉ?

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ጠገራ ብር ስትጠይቁ ሻጩ አስቀድሞ በልብሱ ጫፍ ፈተግ ፈተግ ያደርግላችኋል። ለአንገት ጌጥ ከሆነ ደግ አደረገ። ደረጃ ለሚያወጡ ድርጅቶች የምትልኩት ከሆነ ግን ቶሎ ብላችሁ ከእጁ ተቀበሉት።

በዚህ ሥራ የታወቁት ሁለቱ የአሜሪካ ድርጅቶች፣ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ፣ ሳንቲሙ ሐሰተኛ አለመሆኑን አጣርተው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡታል፤ ከዚያ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ይመልሱታል። ከ60 ጀምሮ ያለው ነጥብ ከእጅ ወደ እጅ ላልዞረ ሳንቲም ነው።

መጀመሪያ ምረጡ። ጠገራ ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ይላል። ፊቱ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ የአብዛኛው ዋጋ ከውስጡ የብር ማዕድን ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ የምርመራውና የመላኪያው ክፍያ ሊበልጠው ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘባችሁን በምኒልክ ብር ላይ አውሉት። እሱ ፓሪስ የተመታ ነው፤ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥርና በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ፲፰፻፹፱ን ቅጹ ላይ የፈረንጅ 1889 አታድርጉት። አንበሳው ያነሳው እግር ቀኝ ይሁን ግራ ተመልከቱ፣ ዓይነቱን ይለያል።

ወሎ ውስጥ ብዙው ጠገራ ድሪ ላይ የዋለ ነው፤ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። አስነቅላችሁ አትላኩት። የብየዳው ጠባሳ በማጉያ መነጽር ይታያልና ነጥብ አያገኝም። እንዳለ ለጌጥ ፈላጊ ቢሸጥ ይሻላል።

ሚዛን ላይ አውጡት። ሁለቱም ሲመቱ 28 ግራም አካባቢ ነበሩ። ከመልበስ የተነሳ ጥቂት ቢቀንስ ያለ ነው፤ ግራሞች ከጎደሉት ወይም ማግኔት ከሳበው ግን ተዉት። የጠገራው ጠርዝ ላይ ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለ፦ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ተጠራጠሩ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን፦ ማጠብ። አመድ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሁሉም ክልክል ነው። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ ከመሀል ወደ ጠርዝ ስለሚፈስ ላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን መስመሮች ይቀራሉ። መብራት ሥር ስታዘነብሉት ብርሃኑ የሚሽከረከረው በእነሱ ነው። አመድ እነሱን ይልግና በምትካቸው ፀጉር የመሰለ ጭረት ይተዋል፤ ሎሚው ደግሞ ላዩን ይበላዋል። ሳንቲሙ ያበራል፣ ግን ሁሉም ቦታ እኩል፣ እንደ አዲስ ቆርቆሮ። መርማሪው ይህን ወዲያው ያየዋል። ነጥብ በመስጠት ፈንታም «ዲቴይልስ» ብሎ፣ ታጥቧል የሚል ቃል ጽፎ ይመልስላችኋል። ደሴ አንድ የማውቀው ሰው እጅግ የሚያምር ጥቁር የለበሰ የምኒልክ ብር ነበረው፤ ሊልከው ሲል ለአንጥረኛ ሰጥቶ አስወለወለው። አንጥረኛው ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ሳንቲሙ ግን አለቀለት። ጥቁረቱን ተዉት፤ የዕድሜው ምስክር ነውና ገዢም ይከፍልበታል።

አንድ የሚፈቀድ ነገር አለ። ሳንቲሙ ለረጅም ጊዜ በለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጦ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ካወጣ፣ በንጹሕ አሴቶን ይለቃል። የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ አሴቶን ተብሎ የሚሸጠው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ዘይት ስለሚገባበት አይሆንም፤ የላብራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ዘንድ ፈልጉ። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ንከሩት፣ አውጥታችሁ በሌላ ንጹሕ አሴቶን አለቅልቁት፣ ራሱ ይድረቅ። መጥረግ የለም። ክፍሉ አየር የሚገባበት ይሁን፤ እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረሱ፣ ምድጃውንም አጥፉ።

ሁልጊዜ ጠርዙን ብቻ ያዙ፤ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ማስቀመጫችሁ «ማይላር» ከሚባለው፣ ሳንቲም ከማይጎዳው ፕላስቲክ የተሠራ ኪስ ይሁን። የሚተጣጠፈውና ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚሸተው ኪስ ፒቪሲ ነው፤ አረንጓዴውን የሚያመጣው እሱ ነው። ስቴፕለር ባይነካው እመርጣለሁ፤ ሽቦው ሳንቲም ይጭራል።

ከመላካችሁ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ፎቶ አንሱ፤ ቅጹ ላይ ያስገመታችሁትን ትክክለኛ ዋጋ ጻፉ፣ መድኑ በዚያ ነው የሚታሰበው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈቃድ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለሆነ የቅርስ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱን ሳትይዙ ፖስታ ቤት አትሂዱ። ፈቃዱ ከተገኘ ኪሱን በሁለት ካርቶን መሀል አስገብታችሁ አጥብቁ፣ ሳጥኑን ጆሯችሁ ሥር ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንኳኳ ፍቱና እንደገና ጠቅልሉ።